ከጀርባ የተሰቀለው ሥዕል፦ «ወይ እሱ ወይ እኔ!»

የሚያስፈራ ፊልም ስታዩ ዓይናችሁ የት ላይ ነው? መቼም «በሩ ላይ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሩ ሲንቋረር፣ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ፣ ልጅቷ «ማነው?» እያለች በባዶ እግሯ ደረጃውን ስትወርድ… ሁላችንም ትራስ አቅፈን የምናፈጠው በሩ ላይ ነው። ግን ከመካከላችን አንዳንድ ጉደኞች አይጠፉም። ሰው ሁሉ በሩን ሲያይ እነሱ ግድግዳውን ያያሉ። «ቆይ ቆይ! እስቲ መልሰው! ያ ከኋላዋ የተሰቀለው ሥዕል ምንድነው?» ብለው የሰውን ፍርሃት ያበላሻሉ።

ድሮ በቪዲዮ ቤት ዘመን እንዲህ ያለው ሰው ዕድል አልነበረውም። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ፊልም የሚያይ ሰው «መልሰው» ቢል ጠብ መጥራቱ ነበር። ዛሬ ግን ፊልሙ በፍላሽ ይመጣል፣ በስልክ ይታያል። የሚፈልገው አንድ ጣት ነው። ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይጎላል። እናም ሥዕሉ ይታያል። አንዳንዴ ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

(ቀድሜ ልናገር፤ የውጭዎቹ ፊልሞችና ሥዕሎች ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የአንዳንዱንም ፊልም መጨረሻ ስለማወራ ያላያችሁት አትቀየሙኝ።)

ባለቤቱ ያልተመለሰለት ሥዕል

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አንድ ወጣት አለ። አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ሲገኝም የፎቶና የሥዕል ፍሬም ይገጥማል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ መጥቶ «ለዚህች ፍሬም ሥራልኝ» ብሎ አንድ የታተመ ሥዕል ሰጠው። ቀብድ ከፈለ። ሄደ። ሄደ… እስከ ዛሬ አልተመለሰም! ስልኩም አይሠራም። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ ሲያበቃ «ፍሬሙ ተሠርቶ ከሚቀመጥ» ብሎ ሥዕሉን ወስዶ ከቤቱ ሳሎን ሰቀለው።

ምን ዓይነት ሥዕል ነው ብትሉ፣ ጊዜው የመሸ ይመስላል። አንድ ባቡር መብራቱን አብርቶ ከሩቅ ይመጣል። በዚያው ሐዲድ ላይ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ አንድ ጥቁር ፈረስ ወደ ባቡሩ ይጋልባል። ሰው የለበትም፣ ደም የለበትም፣ ጭራቅ የለበትም። ፈረስና ባቡር፣ በቃ። ግን አንዴ ያየው ሰው መለስ ብሎ ሳያየው አያልፍም።

ልጁ ዕጮኛ አለችው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታስሯል፣ የሠርግ ቀን ተቆርጧል። ሥዕሉንም ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ «ይሄ ፈረስ አብዷል እንዴ?» ብላ ከመሳቅ በቀር ምንም ብላ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ቤቴል አክስቷ ቤት ከአክስቷ ልጆች ጋር ሆና «ዘ ሻይኒንግ» የተባለውን ፊልም ታያለች። ፊልሙ ገና መጀመሪያው ነው፤ ያ የታወቀው መጥረቢያ እንኳ አልወጣም። አንዲት ሐኪም ትንሹን ልጅ መርምራ ከእናቱ ጋር ከክፍሉ ሲወጡ፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ… ያ ፈረስ! ያ ባቡር!

የቀረውን ገምቱት። ልጅቷ ጮኸች። ፊልሙ ተመለሰ፣ ቆመ፣ ጎላ። ራሱ ነው። አክስትየዋ ከማድ ቤት ብቅ ብለው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ለመሆኑ ባለቤቱ ለምን ሳይመለስ የቀረ ይመስላችኋል?»

እኒህ ሴትዮ ፊልም ቢደርሱ ያዋጣቸው ነበር!

በማግስቱ ልጅቷ «ወይ ሥዕሉ ወይ እኔ» አለች። ይቃጠል ተባለ። ጠበል ይረጭበት ተባለ። ልጁ ደግሞ እልኸኛ ነው። «ነገ ቁም ሣጥኑ ፊልም ላይ ታየ ብትይ እሱንም ላቃጥል ነው?» አላት። ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ። ነገሩ እኔ ዘንድ የደረሰው እዚህ ላይ ሳለ ነው። የልጁ ጓደኛ ይህን ገጽ የሚያነብ ኖሮ «እስቲ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ፈልጉልን፣ ሰዎቹ ሊለያዩብን ነው» ብሎ ደወለ።

ፈረሱ የማን ነው?

ተገኘ። ያን ያህልም አላስቸገረም።

ስሙ «ፈረስና ባቡር» ነው። አዎ፣ ይኸው ብቻ! የሳለው አሌክስ ኮልቪል የተባለ ካናዳዊ ሲሆን ዓመቱ 1954 ነው። ዋናው ሥዕል የሚገኘው እዚያው ካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ፣ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ነው። ፊልሙ የወጣው ደግሞ በ1980። ቀንሱት፤ ሥዕሉ ፊልሙን በ26 ዓመት ይበልጠዋል። ይህቺ ስሌት ቀላል ትመስላለች፤ ግን የአክስትየዋን ክስ ከሥሩ ትነቅለዋለች። ሥዕሉ ከፊልሙ ወጥቶ ኮልፌ አልገባም። ፊልሙ ነው ሥዕሉን የተዋሰው። እንዲያውም ከፊልሙ በፊት ብሩስ ኮክበርን የተባለ ካናዳዊ ዘፋኝ በ1973 «ናይት ቪዥን» ለተባለው አልበሙ ሽፋን አድርጎታል። ከዚያ አልበም ጋር ስንቱ ቤት እንደገባ አስቡት።

ሰዓሊው ማን ነበር? በ1920 የተወለደ፣ በ2013 ያረፈ፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካናዳ ጦር ሰዓሊ ሆኖ ዘምቷል። በ1945 ናዚዎች ሰው ይጨርሱበት ከነበረው ከበርገን ቤልሰን ካምፕ ገብቶ ያየውን ሥሏል። የፈረሱንና የባቡሩን ሐሳብ ያገኘው ሮይ ካምቤል ከተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ገጣሚ ስንኝ ነው ይባልለታል። የኮልቪልን ሥራዎች ሰብስባችሁ ብታዩ አንድ ጠባይ አላቸው። ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ በማስመሪያ የተለካ ይመስላል። ምንም አልሆነም። ግን አንድ ነገር ሊሆን ነው። ሆድ የሚያባባው ይኸው «ሊሆን ነው» ነው።

እንግዲህ የፊልሙን ታሪክ አስታውሱ። ባልየው ደራሲ ነው። ክረምት ዝግ የሆነ ትልቅ ሆቴል ሊጠብቅ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ተራራ ላይ ይወጣል። ሆቴሉ ውስጥ አእምሮው ይናወጥና በሚስቱና በልጁ ላይ መጥረቢያ ያነሳል። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ያን ፈረስ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ብቻ የሰቀለው አይመስለኝም። ጉዞው ገና ሳይጀመር ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ባቡሩም አይቆምም፣ ፈረሱም አይመለስም። እናትየዋ አጠገቡ አለፈች፤ አላየችውም። እኛም አላየነውም። በዚሁ ፊልም ውስጥ ሌሎችም የኮልቪል ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ ኖርቫል ሞሪሶ የተባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሳላቸው አሉ። ሆቴሉ የተሠራው በነባሮቹ ሕዝቦች መቃብር ላይ መሆኑ እዚያው ፊልሙ ውስጥ ይነገራል። ግድግዳው ዝም ብሎ አልተቀመጠም ማለት ነው።

ሶስና ፊልም ውስጥ ምን ትሠራለች?

በዚህ ጉዳይ ኩብሪክ የመጀመሪያው አይደለም። በ1960 የወጣውን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» ያየ ሰው የሞቴሉን ልጅ አይረሳውም። ዓይን አፋር፣ ትሑት፣ እናቱን የሚፈራ። አንዲት ሴት ብቻዋን ልታድር ትመጣለች። ራት አብልቷት ወደ ክፍሏ ስትገባ፣ ልጁ ከግድግዳው አንድ ሥዕል ያወርዳል። ከሥዕሉ በስተጀርባ ቀዳዳ አለ። ዓይኑን ለጥፎ ልብሷን ስታወልቅ ያያል።

ሁሉም ሰው ቀዳዳውን ያስታውሳል። ሥዕሉን ግን ማን አየው? ሥዕሉ ሶስና ናት! አዎ፣ የእኛይቱ ሶስና፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ያለችው። ቫን ሚሪስ ከሚባለው የሆላንድ የሰዓሊ ቤተሰብ የወጣ ሥራ ነው። ሶስና በአትክልት ቦታ ገላዋን ስትታጠብ ሁለት ሽማግሌዎች ተደብቀው ያዩዋታል፤ ከዚያም «እሺ ካላልሽን ከሌላ ሰው ጋር አየንሽ ብለን እንመሰክርብሻለን» ይሏታል። የሚያድናት ወጣቱ ዳንኤል ነው። ሽማግሌዎቹን ለየብቻ አስቁሞ «በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ የሚለው ሌላው ከሚለው አይገጥምም።

እንግዲህ አስቡት። ተደብቆ ሴት የሚያይ ሰው፣ ቀዳዳውን የሚሸፍነው ተደብቀው ሴት ባዩ ሰዎች ሥዕል ነው! ፈረንጅ ተመልካች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ያገላብጥ ይሆናል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ የኮልፌ ልጅ ግን አንዴ ቢነገረው ወዲያው ይገባዋል። ሂችኮክ ራሱ በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ቤቱን እያስጎበኘ ከሥዕሉ ፊት ይቆምና «ይህ ሥዕል ትልቅ ትርጉም አለው» ሊል ይጀምራል። ከዚያ ሳይጨርሰው ጥሎት ወደ ሌላ ክፍል ያልፋል። ተንኮለኛ ሽማግሌ!

ከቅርቦቹ ደግሞ የ2019ኙ «ሚድሶማር» አለ። ስለ ፍቅረኞች ስለሆነ ከእኛ ጉዳይ ጋር ይዛመዳል። ልጅቷ ቤተሰቧን ድንገት ያጣች፣ ፍቅረኛዋ ደግሞ ሊተዋት ፈልጎ አፍ ያጠረው ነው። ገና ከመጀመሪያው፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ከበላይዋ አንድ ሥዕል ይታያል። ዘውድ የደፋች ትንሽ ልጅ ከግዙፍ ድብ ፊት ቆማ አፍንጫውን ስትስመው። የሳለው ስዊድናዊው ጆን ባወር ነው፣ በ1912። የልጆች ተረት ሥዕል ነው፤ ምኑም አያስፈራም። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ልጅቷ የአበባ ዘውድ ደፍታለች፤ ፍቅረኛዋ በድብ ቆዳ ውስጥ ተሰፍቶ እሳት ይለኮስበታል። መጨረሻው ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር!

የሚያስፈራ ሥዕል ሁሉ ግን ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም። «ዘ ኮንጁሪንግ 2» ውስጥ ያለችው የመነኩሲት ሥዕል ለፊልሙ ተብላ የተሠራች ናት፤ ሙዚየም ለሙዚየም ብትዞሩ አታገኟትም። በ2017ቱ «ኢት» ውስጥ ትንሹን ልጅ የምታሳድደው ፊቷ የተጣመመ ሴትም እንዲሁ ለፊልሙ የተፈጠረች ናት። ሐሳቡ የመጣው ግን አንገተ ረጃጅም ሰዎችን ይሥል ከነበረው ከጣሊያናዊው ሞዲሊያኒ ነው። ዳይሬክተሩ አንዲ ሙስኬቲ ልጅ ሳለ ቤታቸው የተሰቀለውን የሞዲሊያኒ ሥዕል ይፈራው እንደነበር ተናግሯል። ሰውየው የልጅነት ፍርሃቱን ሸጦ በላበት። ተቃራኒውም አለ። በ1945 ለወጣው «የዶሪያን ግሬይ ሥዕል» ሲባል ኢቫን አልብራይት የተባለው አሜሪካዊ የበሰበሰ ሰው ምስል ሥሎ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ ሥዕሉ ሲመጣ ብቻ ቀለም ይሆናል። ያ ሥዕል ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። ለፊልም ተሠርቶ ሙዚየም ገባ።

«ይቃጠል» ለሚሉ

ወደ አክስትየዋ ልመለስ፤ ማቃጠልን ከእሳቸው በፊት የሞከሩት አሉና።

የሚያለቅስ ሕፃን ሥዕል ሳታዩ አልቀራችሁም። እንባው ጉንጩ ላይ ቁልቁል የወረደ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ልጅ። «ጂ. ብራጎሊን» የሚል ፊርማ አለበት። የሰውየው እውነተኛ ስም ብሩኖ አማዲዮ ነው፤ ጣሊያናዊ ሲሆን እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በብዛት እየሣለ ኅትመታቸው በብዙ አገር ተሸጧል። በሴፕቴምበር 1985 «ዘ ሰን» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ ወሬ ይዞ ወጣ። ቤት ሲቃጠል ሁሉ ነገር ዐመድ ሲሆን ይህ ሥዕል ብቻ ይተርፋል፣ ሥዕሉ እርግማን አለበት የሚል። አገር ተሸበረ። ሰው ሥዕሉን ከግድግዳው እያወረደ ለጋዜጣው ላከ፤ ጋዜጣውም ሰብስቦ በእሳት አቃጠለው።

ለካስ ነገሩ ወዲህ ነው። ኅትመቱ የተለጠፈበት ሰሌዳ ታምቆ የጠነከረ ስለሆነ ቶሎ አይነድም። ከላይ የተቀባው ቫርኒሽም እሳት ይቋቋማል። የተንጠለጠለበት ገመድ ግን ቀድሞ ይቃጠላል። ሥዕሉ በግንባሩ መሬት ላይ ይደፋና ፊቱ ይድናል። እንጨት የሚሠራ ሰው ይህን በአንዴ ይረዳዋል፤ ልጁም ስነግረው «እሱማ የታወቀ ነው» ብሎ ሳቀ። (ጋዜጣው ግን በዚያ ወሬ ስንት ቅጂ እንደሸጠ እኔ ባለሙያው እገምታለሁ!)

አክስትየዋ በዚህ አልተረቱም። «የፈረንጅ ሥዕል መንፈስ ይጠራል፤ የእኛ ሥዕል ያጽናናል እንጂ አያስፈራም» አሉኝ በስልክ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ላይ አልተስማማንም። በላዔ ሰብእ የት ሊሄድ ነው? በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሰው ሲበላ ተሥሎ ያየነው! 78 ነፍስ የበላ፣ የገዛ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ። ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ያቺ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ ይልቅ ሚዛን ደፋች። እኔ ልጅ ሆኜ ሚዛኑን አላይም ነበር፤ የማየው አፉን ነው። ሌሊት የሚመጣብኝም አፉ ነው። እናቴ ጣቷን ሰዳ «እሱን ተወውና ሚዛኗን እያት» ካለችኝ በኋላ ነው ሥዕሉን እስከ ዳር ያየሁት።

የጥንት ሰዓሊዎቻችን እንዲያውም አንድ ሕግ ነበራቸው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግድግዳው ፊት ሲቆም ማን ምን እንደሆነ ሳይነገረው ይለያል። ከዘመናውያኑም ገብረ ክርስቶስ ደስታ አለ። ጀርመን አገር ተምሮ ተመልሶ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1963 «ጎልጎታ»ን ሠራ፤ ቀይ የገነነበት፣ ፊቱ ሲቆሙ ደም የሚሸት የሚመስል ስቅለት። ጎልጎታና ቀራንዮ ደግሞ አንድ ነው፤ «የራስ ቅል ስፍራ» ማለት ነው። መድኃኔዓለምን ስንል ስሙን ለምደነው እንጂ የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ የራስ ቅል አለበት። ማንም ግን «ቀራንዮ አልኖርም» ብሎ ሲወጣ አላየሁም።

«ፈረሱ አይደለም»

ይህን ሁሉ ለልጅቷም ነገርኳት። የሰዓሊውን ስም፣ ዓመቱን፣ የዘፋኙን አልበም፣ የሶስናን ነገር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስም ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ፈረሱ እኮ አይደለም።»

ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰውየው ነው አለች፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ባል። መጀመሪያ ላይ ደህና ሰው ነበረ። ይሥቃል፣ ልጁን ይወዳል። ከዚያ ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ከዚያ በር ይሰብራል። «እኛ ቤትም እንዲህ ነበር» አለችኝ። ልጅ ሳለች አባቷ ዝም ሲሉ እናቷ በሩን ትቀረቅር ነበር። አንድ ሌሊት በሩ ተሰብሯል። ይህን ለዕጮኛዋ ነግራው አታውቅም። ዕጮኛዋ ደግሞ ሲናደድ አይጮህም፤ ዝም ይላል። ሥራውም መጥረቢያና መጋዝ ነው። ይህን ስትል ትንሽ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልቀጠለም።

እንግዲህ ሥዕል መለየት እዚህ ድረስ ነው የሚወስደው። «ፈረስና ባቡር፣ ኮልቪል፣ 1954» ብዬ የአክስትየዋን መንፈስ ላባርር እችላለሁ። ይህን ግን አልችልም። ፊልሙም ያመጣባት አይደለም፤ ከእሷ ጋር የነበረ ነው። ያን ምሽት ከሳሎኑ ሥዕል ጋር ስለገጠመባት ብቻ ወጣ።

የመከርኳትን ልናገር። በመጀመሪያ፣ ሥዕሉን እንደ ሰበብ ይዛ አትጣላ፤ የበሩን ነገር ራሷ ትንገረው። ሁለተኛ፣ ፊት ለፊት ትጠይቀው፦ «ስትናደድ ምን ታደርጋለህ? ዝም ስትል ውስጥህ ምን አለ?» መልሱን ብቻ ሳይሆን ሲመልስ ፊቱን ትየው። በጥያቄው ተቆጥቶ ከተነሳ፣ አዳራሽ ተከፍሏል፣ ካርድ ታትሟል ሳትል ሠርጉን ታቆየው። የአዳራሽ ቀብድ ከበር ይረክሳል። ልጁንም አንድ ነገር አልኩት። «ሥዕል ፈርታ ነው» ብለህ መሳቅህን ተው፤ ምን አይተሽ ነው ብለህ ጠይቃት።

ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም። የማውቀው ሥዕሉ አለመቃጠሉን ነው። ከሳሎን ወርዶ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ከመጣ ሒሳቡን ከፍሎ ይወስደዋል። ሠርጉም በእሷ ጥያቄ በሦስት ወር ተገፍቷል። ልጁ እሺ ብሏል። አክስትየዋ አኩርፈዋል።

እናንተስ እንዴት ትለያላችሁ?

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ፊልሙን ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ከሚታይበት ቦታ አቁሙት እንጂ ካሜራው ሲሮጥ አትያዙት። ስክሪንሾት አንሱና የሰውየውን ጭንቅላት፣ መብራቱን፣ ሶፋውን ሁሉ ቆርጣችሁ ሥዕሉን ብቻ አስቀሩ። ጨለማ ከሆነ ብርሃን ጨምሩበት። ከዚያ በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ካልመጣ የምታዩትን በቃል ጻፉ፤ «ጥቁር ፈረስ፣ ባቡር፣ ሐዲድ» የሚል ዝርዝር ስንቱን ያገኛል። ፊልሙ ሲያልቅ ሁላችንም የምንዘለውን፣ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሥዕል በፈቃድ የሰጠ ሰዓሊና ሙዚየም ብዙ ጊዜ እዚያ ይመሰገናል። ይህ ሁሉ ካቃታችሁ ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። አንድ ተማሪ ሻይ ጋብዛችሁ ሥዕሉን አሳዩት፤ ካወቀው የሰዓሊውን የሕይወት ታሪክ ጭምር ይዘረግፍላችኋል።

ትዕግሥት ግን ይኑራችሁ። የዚያው የ«ዘ ሻይኒንግ» የመጨረሻ ምስል አንድ የድሮ ፎቶ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ለብሶ አጊጦ፣ ከፊት ለፊቱ ጃክ ኒኮልሰን እየሣቀ፣ ከሥር «ጁላይ 4፣ 1921» ተጽፎበት። የኒኮልሰን ፊት በሌላ ሰው ፊት ላይ የተተካ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነና ፎቶው የት እንደተነሳ ግን ለ45 ዓመት ምሥጢር ሆኖ ቆየ። ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ያለ ነበር፤ የባንክ ባለሀብቶች ምሥጢራዊ ማኅበር ነው ያለም ነበር። በ2025 አንድ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ የዩኒቨርሲቲ መምህርና አንድ ጋዜጠኛ ተጋግዘው ዋናውን ፎቶ ከአንድ የምስል መዝገብ ቤት አገኙት። ለንደን ውስጥ ሮያል ፓላስ በሚባል ሆቴል አዳራሽ ነው የተነሳው። ፊቱ የተነሳበት ሰውዬ ሳንቶስ ካሳኒ የተባለ የዳንስ አስተማሪ ነው። ቀኑ ፌብሩዋሪ 14፣ 1921። የቫለንታይን ቀን ጭፈራ ነበር፤ ዛሬ የእኛ ሰፈር ወጣቶች ቀይ ለብሰው ጽጌረዳ ይዘው የሚወጡበት ቀን።